«ማርሚታህን እንደ አዲስ አደርገዋለሁ» ብሎኝ ነበር

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረስኩ ነው የምተዳደረው። የሞተሩ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ከነቱቦው ስለዛገ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ባለ ጋራዡ «ዝገቱን አንስቼ፣ ቀለም ቀብቼ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ፤ ዓመት አይነካውም» አለኝ። በ6,500 ብር ተስማማን፤ 4,000 ብሩን በቴሌብር ከፈልኩ። የጽሑፍ ውል የለንም። በ12ኛው ቀን ቀለሙ ተላጠ፣ ዝገቱ ተመልሶ መጣ፣ መታጠፊያው ላይም ተበስቶ ጭስ ያወጣ ጀመር። የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለትና ሞተሩን ወሰድኩለት። ማርሚታውን ፈትቶ አስቀረውና «ቀሪውን 2,500 ካልከፈልክ አልሰጥህም» አለኝ። ሞተሬ ከቆመ ሳምንት አለፈው። ውል ስላልጻፍኩ መብቴን አጥቻለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አላጡም፣ ወንድሜ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1719 መሠረት፣ በሕግ ወይም በተዋዋዮቹ ስምምነት የተለየ ፎርም ካልተጠየቀ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። ማርሚታ ለማሳደስ ደግሞ ወረቀት የሚያስገድድ ሕግ የለም። ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው። በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ አለብህ የሚል ወገን ማስረዳት አለበት፤ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። ግን ቁጥር 2002 ማስረጃን በጽሑፍ ብቻ አላጠረውም፤ ምስክርም ይሰማል። የቴሌብሩ መልእክት ስንት ብር፣ መቼ፣ ለማን እንደከፈሉ ያሳያል። የቴሌግራም ፎቶዎቹም ቅሬታዎን ወዲያው እንዳቀረቡ ያሳያሉ። ስልክዎ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር እንዳይቸገሩ ዛሬውኑ አትመው ያስቀምጧቸው። «ዓመት አይነካውም» ሲል አጠገብዎ የነበረ ሰው ካለም ስሙን ይያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቁጥር 2610 የሚናገረው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት፣ በዋጋ ስለሚዋዋል ሠራተኛ ነው። የእርስዎ ባለ ጋራዥ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው። የተዋዋለው ለልፋቱ ብቻ አይደለም፣ ለውጤቱም ነው። ስለዚህ «ሁለት ቀን ሙሉ ፍቄዋለሁ» ቢል በቂ መልስ አይሆንም።

«ዝገት የተፈጥሮ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ማለቱ ግን አይቀርም። እዚህ ላይ ሁለቱን ብልሽት ለይተው ይያዙ፤ ዳኛው ፊት ብዙ ልዩነት ያመጣል።

የመጀመሪያው የቀለሙ መላጥ ነው። ቱቦው ከሞተሩ በሚወጣበት በኩል በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል። ተራ የብረት ቀለም እዚያ ላይ ይቃጠላል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ፣ እስከ 600 ዲግሪ ገደማ የሚቋቋም ቀለም አለ። እሱም ቢሆን የሚይዘው ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ ቅባቱ በደንብ ተጠርጎ ከተቀባ ነው። ከዚያ ሞተሩን ቀስ በቀስ እያሞቁ ቀለሙን ማድረቅ ያስፈልጋል። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም በጥቂት ቀን መላጡ አይገርምም። ስለዚህ የቱን ቀለም እንደተጠቀመ ይጠይቁት፤ ጣሳው ካለም ፎቶ ያንሱት። በዚህኛው ብልሽት አቋምዎ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳው ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚህ ላይ ደከም ይላሉ። ቤንዚን ሲቃጠል የውሃ እንፋሎት ይወጣል። በአጭር በአጭሩ እየተነሳ የሚጠፋ ሞተር፣ እንደ እርስዎ የማድረስ ሥራ ማለት ነው፣ ማርሚታውን በደንብ አያሞቀውም። እንፋሎቱ ውስጡ ውሃ ሆኖ ይቀርና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በ12 ቀን አይፈጠርም፤ ብረቱ ቀድሞ ሳስቶ ነበር ማለት ነው። በእርግጥ ባለሙያ ነውና ከመቀባቱ በፊት አንኳኩቶ «ይሄ ብየዳ ይፈልጋል» ወይም «አያዋጣም» ሊልዎት ይገባ ነበር። ሆኖም አዲስ ማርሚታ ይግዛልኝ ብለው አይክሰሱት። ሥራውን በነፃ ይድገም ወይም የከፈልኩትን ይመልስ ይበሉ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እርስዎ በ12ኛው ቀን ጠይቀዋል።

ቀሪው 2,500 ብርስ? ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመና ወዲያው ለመፈጸምም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽም ሊል አይችልም ይላል። ሥራው በውሉ መሠረት ስላልተሠራ፣ ቀሪውን ይዘው መቆየትዎ ሕጋዊ መከራከሪያ ነው። እሱም በበኩሉ «እኔ ሠርቻለሁ፣ አልከፈለኝም» ብሎ ማርሚታውን ለመያዝ ይሞክራል። የኔ ምክር ብሩን ሁለታችሁም በምታምኑት ሽማግሌ እጅ ማስቀመጥ ነው። ያኔ «መክፈል አይፈልግም» የሚለው ወሬ ይዘጋል። ማርሚታውን ግን በጉልበት ለመውሰድ በፍጹም አይሞክሩ፤ የበደለዎት እሱ ሆኖ ሳለ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ።

ሞተሩ ቆሞ ስላጡት ገቢም ልናገር። በቁጥር 1799 ካሳ የሚለካው አለመፈጸሙ በተለምዶ በሚያስከትለው ጉዳት ነው። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ በቁጥር 1801 መሠረት ሲዋዋሉ ልዩ ሁኔታዎን ነግረውት መሆን አለበት። በሞተሩ እንደሚሠሩ ያውቅ ነበር? ካወቀ ይጠይቁ። ግን ጉዳትዎን የመቀነስ ግዴታም አለብዎት። ያገለገለ ማርሚታ በተመጣጣኝ ዋጋ ካገኙ ገጥመው ሥራ ይጀምሩ፤ ደረሰኙንም ይያዙ። ሁለት ወር ቁጭ ብለው የሁለት ወር ገቢ ቢጠይቁ ፍርድ ቤቱ አይቀበልዎትም።

ወደ ክስ አይጣደፉ። ለ4,000 ብር ሲመላለሱ ከዚያ በላይ ሊያጡ ይችላሉ። አስቀድመው በጽሑፍ ያስጠንቅቁት፤ ቁጥር 1772ም ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

«በ(ቀኑን ይጻፉ) የሞተር ሳይክሌን ማርሚታ ዝገቱን አንስተው ሊቀቡልኝ በ6,500 ብር ተስማምተን 4,000 ብር ከፍያለሁ። ሥራው በ12ኛው ቀን ተበላሽቷል። በ10 ቀን ውስጥ ሙቀት በሚቋቋም ቀለም በነፃ እንዲደግሙልኝ፣ ካልሆነ 4,000 ብሬንና ማርሚታዬን እንዲመልሱልኝ አስጠነቅቃለሁ። ቀሪው 2,500 ብር በሽማግሌ እጅ ይገኛል።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት። አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ ያስፈርሙት። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይስጡትና በእርስዎ ቅጂ ላይ እነሱ ይፈርሙ። 10 ቀኑ ሲያልቅ ማርሚታው ያለበትን ሁኔታ ያላንዳች ጥቅም የሚመሰክር ሌላ መካኒክ ይዘው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ።