ጉልበት የማያሳምም ኤሊፕቲካል እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ62፣ የባለቤቴ 1 ሜትር ከ80 ሲሆን ክብደቱ 96 ኪሎ ነው። ለቤታችን ኤሊፕቲካል፣ ማለትም ቆመው ሁለት መርገጫዎችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየረገጡ የሚሠሩበትን የስፖርት ማሽን፣ ለመግዛት አስበናል፤ የጎረቤታችንን ስንሞክር ግን እሱን ጉልበቱን አመመው፣ የእኔም የእግር ጣቶች ደነዘዙ። ሻጮች የሚነግሩን ስለ ስክሪኑ ብቻ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ያገለገለ ልላክላችሁ ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ስክሪኑን ይርሱት። በላዩ የሚወጣው የካሎሪ ቁጥር እንኳ ግምት ነው። የስፖርት ማሽን ስገጥምና ስጠግን የምሰማው ቅሬታ ባብዛኛው ከሁለት ርቀቶች የሚመጣ ነው፤ ሁለቱንም ሱቅ ውስጥ በሜትሮ መለካት ይቻላል።

አንደኛው የእርምጃው ርዝመት ነው። አንዱን መርገጫ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ያድርሱትና ከተረከዙ ጫፍ ትይዩ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያስምሩ። ያንኑ መርገጫ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ያስምሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት የማሽኑ እርምጃ ነው። ትንንሾቹና ርካሾቹ ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለው ማሽን እግርን እንደ መራመድ ከመዘርጋት ይልቅ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል፤ ረጅም ሰው ጉልበቱን ሳይዘረጋ ይቀራል። የባለቤትዎ ሕመም ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለእርስዎ 46 ሴንቲ ሜትር፣ በሻጮቹ አነጋገር 18 ኢንች፣ ይበቃዎታል። ለባለቤትዎ ግን 51 ሴንቲ ሜትር ወይም 20 ኢንች ያስፈልጋል። ማሽኑ የጋራ ስለሆነ በረጅሙ ሰው ልክ ይገዛ፤ እርስዎ ረዘም ያለውን እርምጃ ቶሎ ይለምዱታል፣ እርሳቸው ግን አጭሩን መቼም አይለምዱትም። ጉልበታቸው ካበጠ ወይም በሌላ ጊዜም የሚያማቸው ከሆነ ቀድመው ሐኪም ይዩ።

ሁለተኛው በሁለቱ መርገጫዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገጥመኝም። ማሽኑ ላይ ሲቆሙ በጫማዎችዎ መካከል አንድ ጭብጥ ከገባ ሰፍቷል ማለት ነው። እግር ተራርቆ ሲረግጥ ዳሌና ወገብ ይደክማሉ፤ ሕመሙ ግን የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ፣ ደረሰኙ ከጠፋ ወዲያ ነው።

የጣቶችዎ መደንዘዝ ሁልጊዜ የማሽን ጥፋት አይደለም። ኤሊፕቲካል ላይ እግር ከመርገጫው ስለማይነሳ ክብደቱ በሙሉ የእግር ፊት ላይ ይከማቻል። የጫማዎን ክር ያላሉ፣ ተረከዝዎን ያሳርፉ፣ በየመሀሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይርገጡ።

ከአሜሪካ ስለሚመጣው፦ እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ዘመድዎ የቻርጀሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩልዎ። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ «120» ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳይሰኩት፣ ይቃጠላል። እኔ ብሆን ግን የአረጋገጡ ክብደት (ሲረግጡት የሚከብድበት መጠን) በእጅ በሚዞር ቁልፍ የሚስተካከል፣ ማግኔት ያለው ማሽን እመርጣለሁ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ማግኔቱ የሚሽከረከረውን ብረት ሳይነካ ስለሚገታውም በመፋተግ የሚያልቅ ፍሬን የለም፤ ድምፁም ለታች ቤት ጎረቤት አይደርስም። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ።

ያገለገለ ሲሆን መርገጫውን ይዘው ወደ ጎን ያነቃንቁት። ከተንኳኳ ኩሽኔታው ወይም ቡሽው (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል፤ ዋጋ ይቀነስ ወይም ይቅር።

ማሽኑ የሚሸከመው ክብደት መለያው ላይ ተጽፏል፤ ለ96 ኪሎ ሰው ቢያንስ 120 የሚል ይፈልጉ። የማሽኑ የራሱ ክብደትም ይታይ። ቀላል ማሽን ለደረጃው ይመቻል፣ ሲረግጡበት ግን ይወዛወዛል። ሸካሚ አንድ ቀን ይከፈለዋል፣ መወዛወዙ ግን የዕለት ተዕለት ነው።

የጣሪያውንም ከፍታ ይለኩ። በባለቤትዎ ቁመት ላይ መርገጫው ከወለል የሚነሳበትን፣ ለምሳሌ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ይጨምሩ፤ ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ። ድምሩ 2 ሜትር ከ40 ይመጣል። የተንጠለጠለ አምፖል ካለ ማሽኑን ከሥሩ አያቁሙት።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሁለታችሁም በስፖርት ጫማ አሥር አሥር ደቂቃ ይርገጡበት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የለም፤ ጉልበት በሁለት ደቂቃ አይናገርም። ከተገጠመ ከወር በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ማሽን የሚንኳኳው ባብዛኛው በመላላት ነው። በብዙ ማሽኖች የግራ መርገጫ ቡሎን ጥርሱ ግራ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ወደ ቀኝ በጉልበት አያዙሩት።