የአርኬድ ጌም ሣጥን ላይ ኤልኢዲ ስለመግጠም፦ ጥያቄና መልስ

የሠራሁትን የኮምፔርሳቶ ጌም ሣጥን ካያችሁ ወዲህ ጥያቄው በዛ። ዛሬ ማታ ኮዬ ፈጬ መብራት እስካለ ድረስ እመልሳለሁ። ከወዲሁ ግን፣ ለጂፕሰም ኮርኒስ የሚሸጠው ስትሪፕ (ኤልኢዲ የተደረደረበት ጥብጣብ) አብዛኛው 220 ቮልት ነው። ሣጥን ውስጥ አይገባም። የእኛ 12 ቮልት ነው።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ ስንት ሜትር ይበቃኛል?

መልስ፦ ሣጥንህን ለካው።

ከገላን፦ 5 ሜትር ስትሪፕ ገዛሁ፤ 5050 (የኤልኢዲው መጠን ነው)፣ በሜትር 60 መብራት፣ 12 ቮልት። የራውተር አዳፕተር አለኝ፣ 1 አምፔር ይላል። ይችለዋል?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ቁጥር ይዘህ መጣህ። ይሄ ዓይነቱ በሜትር 14.4 ዋት ይበላል። 5 ሜትሩ 72 ዋት። ለ12 አካፍለው፣ 6 አምፔር። የራውተሩ አዳፕተር ይግላል፣ ከዚያ ይሞታል። ለሙሉው 8 አምፔር ፈልግ፤ ጥግ ድረስ አታስጨንቀው። ደግሞ በአንድ ጫፍ ብቻ ከመገብከው መጨረሻው ይደበዝዛል። መዳቧ ቀጭን ናት፣ ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል። ከሁለቱም ጫፍ ገመድ ስጠው። ስትቆርጥ በየ3 መብራቱ ባለችው ምልክት ላይ ብቻ። ለነገሩ 5 ሜትር ምን ያደርግልሃል? ለላይኛው ሰሌዳና ለጎኖቹ 2 ሜትር ይበቃል። ያኔ 2.4 አምፔር ነው፣ ባለ 3 አምፔር አዳፕተር ይዞት ያድራል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ የኔ አይበራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይበራው? በመልቲሜትር ለካህ? ፕላስና ማይነሱን አገላብጠህ ይሆናል።

ከሱሉልታ፦ ከኮርኒስ የተረፈ ስትሪፕ ነበረኝ፣ እሱን...

መልስ፦ 220! ከላይ አንብብ።

ከለገጣፎ፦ በተኖቹ ውስጥ ባዶ ኤልኢዲ ልክተት ነው። ሬዚስተር የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው፣ እህቴ፤ ኮረንቲውን የሚገድበው እሱ ነው። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ከ5 ቮልት ስትመግቢው 3 ይተርፋል። ኤልኢዲው ለሚፈልገው 0.02 አምፔር አካፍዪው፣ 150 ኦም። ነጭና ሰማያዊ 3 ቮልት ስለሚወስዱ 100 ኦም። ለእያንዳንዱ የራሱ ሬዚስተር።

ከለቡ፦ አዳፕተር ለምን ይገዛል? የአሮጌ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ አለ አይደል። ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ጥቁሩ ግራውንድ። አረንጓዴውን ከጥቁሩ ስታገናኘው ይነሳል።

ከቡራዩ፦ ፋኑ ይጮኻል።

ከለቡ፦ ጌሙ እየጮኸ የፋን ድምፅ ሰማህ?

ከቡራዩ፦ እኛ ሰፈር ጆተኒ አለ። ፋንም መብራትም አይፈልግ።

ከሰበታ፦ ጆተኒማ የሚችል ሰው ይፈልጋል 😂

መልስ፦ ጆተኒው ሌላ ቀን። የለቡው ያለው ልክ ነው፣ ግን ፓወር ሰፕላዩን አትፍቱት። ተነቅሎም ካፓሲተሩ ቻርጅ ይይዛል። 12ቱ መስመር ላይ ደግሞ ፊውዝ አስገቡ፣ ለ2 ሜትሩ ባለ 3 አምፔር። ያ ዕቃ ብዙ አምፔር ስለሚሰጥ ሾርት ሲያደርግ ቀድሞ የሚቃጠለው ቀጭኑ ገመዳችሁ ነው። የመጀመሪያ ሣጥኔን በናስትሮ ብቻ ጠምጥሜ ተውኩት። ሙጫው በሙቀት ላላ፣ ገመዶቹ ተነካኩ፣ ኮምፔርሳቶው ጠቆረ። ሶልደር አድርጉ።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ የኮርኒሱን በዲመር ብቀንሰውስ?

መልስ፦ ልጆች እጃቸውን የሚያሳርፉበት ሣጥን ነው እኮ! አይሆንም።

ይኸው፣ መብራት ሄደ። ስልኬም 9 ፐርሰንት ነው። እናንተም ጋ ከሄደ ሣጥኑን ከዲቫይደሩ ንቀሉ፤ ሲመጣ ቮልቴጁ ዘሎ ነው የሚመጣው። የሱሉልታው፣ በዲመርም አይሆንም።