«ስዕል ማንን ጠቅሞ ያውቃል?» ላሉት አባትሽ

ከአዘዞ የጻፍሽልኝ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሻል፣ ውጤትሽም ደህና ነው፣ ልብሽ ያለው ግን ስዕል ላይ ነው። አባትሽ ደግሞ «ስዕል ከጥንት ጀምሮ ማንን ጠቅሞ ያውቃል? ጊዜ ማሳለፊያ ነው» አሉሽ። «ጋሼ፣ መልስ አጣሁ» ብለሽ ጨረስሽው።

አትቀየሚያቸው። ጥያቄያቸው ጥሩ ነው። ጦሙን የሚያድረው ሰዓሊ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ የማያውቅ ነው። እንግዲህ መልስ እንፈልግላቸው።

ፈረንሳይ አገር ሾቬ የሚባል ዋሻ አለ። የተገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ግድግዳው ላይ አንበሳና አውራሪስ ተስሎበታል፤ ዕድሜው ወደ 36 ሺህ ዓመት ይገመታል። ለምን ሳሉት? ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። አደን እንዲቀናቸው ነው የሚል አለ፣ ለአምልኮ ነው የሚልም አለ። እኔ ግን ሰውዬውን አስበዋለሁ። ችቦ ይዞ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ቀለም አዘጋጀ፣ ቋጥኝ ላይ ሳለ። ለነገ የሚበላው ያልተረጋገጠለት ሰው ለጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ይህን ሁሉ አይለፋም። በእኛም አገር ድሬዳዋ አካባቢ ለጋ ኦዳ የሚባል ቦታ አለ፤ ዓለቱ ላይ ከብት ተስሎበታል። ያ ሕዝብ የሳለው ኑሮውን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እዚሁ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ገብተሻል? ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብለሽ አይተሻቸዋል፤ ሁላችንም አንገታችን እስኪያመን አይተናል። በሚቀጥለው ስትሄጂ ግን ዓይንሽን ወደ ግድግዳው መልሺው። ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረች እናት ማን ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ትለያለች። ዛሬ የግራፊክ ዲዛይን መምህር ስንት ሰዓት የሚያስተምረውን፣ የጎንደር ሰዓሊ በአንድ ዓይን ጨረሰው።

ስዕሉ ሥልጣንም አገልግሏል። እቴጌ ምንትዋብ ጣና ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ትሕትና ነው ትያለሽ፤ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያኑን ማን እንዳሠራው የሚገባ ሁሉ ያውቃል። በክታብ ላይ የሚሳለው ጠልሰም ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ሰው ከሕመምና ከክፉ መንፈስ ይጠብቀኛል ብሎ ከፍሎ የሚያሠራው ነበር። ለማመን አትገደጂም። ደንበኛ እንደነበረው ግን ልብ በይ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ይሄ አባትሽንም ይነካቸዋል ብዬ አስባለሁ። የጎንደር ሰዓሊዎች ብዙውን ጊዜ የሚስሉት ጨርቅ ላይ ነው፤ ከዚያ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈ ነገር ደግሞ ይነቀላል። በ1932 እ.ኤ.አ. አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እዚሁ ጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ስዕሎቹን ነቅሎ ወሰደ። በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባለው ሰዓሊያቸው የሠራውን ቅጂ ለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ጊዜ ማሳለፊያ ቢሆኑ ማን ያን ያህል ባሕር ያሻግራቸው ነበር?

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ባለው በአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ላይ የሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት አንድ አህጉር ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ደርግ ስዕልን በፖስተር ለቅስቀሳ ተጠቀመበት። ዛሬ ደግሞ የሳሙና መጠቅለያውም፣ የክትባት ማስታወቂያውም፣ የስልክሽ አፕ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክትም የሆነ ሰው የእጅ ሥራ ናቸው።

አየሽ፣ ስዕል ሁልጊዜ አሠሪ ነበረው። አሠሪው ግን ይቀያየራል። ካህን፣ እቴጌ፣ በሽተኛ፣ መንግሥት፣ ነጋዴ። ስለዚህ አንቺን የምጠይቅሽ «ተሰጥኦ አለሽ ወይ?» አይደለም። ለማን፣ ለምን ጉዳይ ትስያለሽ?

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ሰዓሊ ልጅ «ስዕሉን ተወውና አካውንቲንግ ግባ» አልኩት። ገባ። አሁን የራሱ የህትመት ሱቅ አለው፤ ታፔላ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ባነር ይሠራል። ሒሳቡ ጠቅሞታል፣ አልዋሽም። ባገኘኝ ቁጥር ግን «ጋሼ፣ አራት ዓመት ባልበላህብኝ» ይለኛል። እየሳቀ ነው የሚለው፤ እኔ ግን አልስቅም።

ወደ አንቺ ጉዳይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ ሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አንዱ መንገድ ነው። በእጅሽ ስለሽ የምታሳዪው ነገር ይጠበቅብሻልና የዘንድሮውን የአገባብ ሁኔታ ቀደም ብለሽ ደውለሽ አጣሪ። ስዕል ቢሉሽ ሸራ ብቻ እንዳይመስልሽ። አርክቴክቸር አለ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ስዕል አለ፣ አኒሜሽን አለ። ቅርስ ጥገና ደግሞ አለ፤ ስዕልም ኬሚስትሪም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ ኬሚስትሪ ወደድኩ ብለሻል። ጎንደር ተወልዶ ይህን ሙያ አለማሰብ ያስቆጫል።

ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ግን አንድ ወር አለሽ። ሦስት ሥራ ሥሪ። ለሠፈራችሁ ዳቦ ቤት ታፔላ፤ ዋጋውን ራስሽ ተደራደሪ። ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ፊደል ማስቆጠሪያ አንድ ገጽ። ሦስተኛው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ አንዱን ታሪክ መርጠሽ በእርሳስ መገልበጥ፤ አስፈቅደሽ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት። አንድ ቀን ደግሞ ጎንደር አጠገብ ወዳለችው የሸክላ መንደር፣ ወለቃ ውረጂ። የሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ለጎብኚ የቱን ቅርጽ በስንት እንደሚሸጡ ጠይቂያቸው፤ ስለ ገበያ ከእኔ የተሻለ ያስተምሩሻል።

ሦስቱን ሥራ ለአባትሽ ስታሳዪ ከዳቦ ቤቱ የተቀበልሽውን ብርም አብረሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። ዳቦ ቤቱ በብር ፈንታ በዳቦ ከከፈለሽም ጻፊልኝ።