የገና ዛፍ ማቆም የአሕዛብ ልማድ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጆቼ የገና ዛፍ ካላቆምን እያሉ ይጨቀጭቁኛል። አብሮኝ የሚያገለግል ወንድም ግን «ዲሴምበር 25 የሮማውያን የፀሐይ አምላክ ልደት ነው፤ ዛፉንም ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ያወግዘዋል» ብሎ አስደነገጠኝ። ባቆም ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ፣ እኅቴ። ኃጢአት አይሆንብዎትም። ወንድማችን ይህን ያለው ለእግዚአብሔር ቀንቶ ነውና አይቀየሙት፤ ማስረጃው ግን እንደሚወራለት የጸና አይደለም።

ከኤርምያስ እንጀምር። ብዙ ሰው ቁጥር 3ንና 4ን አንብቦ ያቆማል፦ ዛፍ ከዱር ይቆረጣል፣ በብርና በወርቅ ያጌጣል፣ እንዳይናወጥ በችንካር ይመታል። እስከ ቁጥር 9 ቢዘልቁ ግን ያ ዛፍ ተጠርቦ ምን እንደ ሆነ ያገኙታል። አይናገርም፤ መራመድ ስለማይችል ሰው ይሸከመዋል፤ ባለሙያዎች የሠሩትን ልብስ ያለብሱታል፤ ነቢዩም «አትፍሩት» ይላል። ይህ ጣዖት ነው። በቤትዎ ለዛፉ የሚሰግድ፣ ዛፉን የሚለማመን ከሌለ ተግሣጹ እርስዎን አይመለከትም።

ስለ ቀኑም ነገሩ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን በ274 እ.ኤ.አ. ለፀሐይ በሮም ቤተ ጣዖት መሥራቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዲሴምበር 25 «የማይሸነፈው» (የፀሐይ አምላክ መጠሪያ ነው) ልደት ተብሎ የተጻፈበት ቀደምት ሰነድ በ354 በሮም የተዘጋጀው የዘመን መቁጠሪያ ነው፤ በዚያው ጥራዝ ክርስቶስ በቤተ ልሔም መወለዱ በዚያው ቀን ሰፍሯል። ቀዳሚው የትኛው እንደ ሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ የጻፈልን ሌላ መንገድም አለ፦ የቀደሙ አባቶች ጌታ የተፀነሰውም የተሰቀለውም ማርች 25 ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ዲሴምበር 25 ይመጣል።

ደግሞስ ቀኑ ቀድሞ በአሕዛብ እጅ የነበረ ቢሆን? ዮሐንስ 10፥22ን ያንብቡ። በኢየሩሳሌም የመቅደስ መታደስ በዓል ነበረ፤ ወራቱም የብርድ ነበር፤ ጌታችንም በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ይመላለስ ነበር። ይህን በዓል የሙሴ ሕግ አላዘዘውም። የሶርያው ንጉሥ አንጥዮኮስ መቅደሱን ካረከሰ በኋላ፣ እነ ይሁዳ መቃብዮስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ164 ዓመት ገደማ አንጽተው ሲያድሱት የጀመሩት ነው። ያደሱትም የአሕዛብ መሥዋዕት መሠዊያውን ባረከሰበት በዚያው ቀን፣ ኪስሌው በተባለው የአይሁድ ወር በ25ኛው ዕለት ነበር። ቀኑ ረክሷል ብለው አልሸሹትም፤ ለእግዚአብሔር መለሱት። ጌታም በዚያ በዓል በመቅደስ ተገኘ። እኔ በዚህ ጉዳይ ልቤን ያሳረፈው ይህ ክፍል ነው።

ዛፉ የመጣው ከጀርመን ምድር ነው። በዚያ ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ስለ ነበረ፣ በመንፈሳዊ ትርኢት ላይ ፖም የተንጠለጠለበት የገነት ዛፍ ይቆም ነበር፤ የገና ዛፍም ከዚያ እንደ ወረሰ ብዙዎች ይስማማሉ። በ1605 የስትራስቡርግን ከተማ ያየ ሰው ሰዎች በየቤታቸው ዛፍ አቁመው የወረቀት ጽጌረዳና ፖም እንደሚሰቅሉበት ጽፏል።

እኔን ከዛፉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በቀይ ልብስ የሚታየው ሽማግሌ ነው። መነሻው በአራተኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ያለችው የሜራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። እንደሚተረክለት፣ አባታቸው ጥሎሽ አጥቶ ለውርደት ሊዳረጉ ለነበሩ ሦስት እኅትማማቾች በሌሊት በመስኮት ወርቅ ጣለላቸው፤ ሰጪው ማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅም ደከመ። ያ ጻድቅ ዛሬ የሸቀጥ ማስታወቂያ ሆኗል! ለልጆችዎ ታሪኩን ይንገሯቸው፤ በዚህ በዓልም የራሳቸውን ድርሻ ቆርሰው ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ስማቸውን ሳይገልጡ እንዲሰጡ ያድርጉ።

ከወንድማችን ጋር ግን አይከራከሩ። ሮሜ 14 ቀን የሚያከብረውንም የማያከብረውንም ለጌታ ትቶታል፤ እርሱ በቤቱ ባያቆም መልካም አደረገ። ወደ ቤትዎ በሚመጣበት ዕለት ዛፉ ኅሊናውን የሚያውክበት ከሆነ፣ ጳውሎስ ስለ ወንድሙ ብሎ ሥጋ እንደሚተው ተናግሯልና፣ እርስዎም ለዚያ ቀን ወደ ጓዳ ያስገቡት። ለምን እንዳስገቡት ልጆቹ ሲጠይቁ ይህንኑ ያስረዷቸው።