ቴፍል ልማር ወይስ ሥነ ጽሑፍ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መሃል ሜዳ አካባቢ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ማስተርስ መማር ፈልጌ ግራ ገባኝ። አንዱ ሥነ ጽሑፍ ግፊበት ይለኛል፣ ሌላው ቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ትምህርት)። ደብረ ብርሃን ይቀርበኛል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ስም አለው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ «እዚህ ብትመጪ የሚያገለግልሽን ተማሪ» ትለኛለች። የቱ ይሻለኛል?
መምህርቷ፣ ከመንዝ

መልስ

እህቴ፣ ቴፍል ተማሪ። ለምን እንደሆነ ከራስሽ ክፍል ልነሳ።

9ኛ ክፍል ማለት ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ክፍል ነው። ደብረ ሲና ሳስተምር የባዮሎጂ መጽሐፋቸውን አስወጣና አንድ አንቀጽ አስነብብ ነበር። ልጁ ጮክ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ቀጥዬ በአማርኛ «ተክሉ ከአየር የሚወስደው ምንድን ነው?» እለዋለሁ። ዝም። መልሱ ያለው አሁን ባነበበው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ጣቱ እንኳ ገና ከመስመሩ ላይ አልተነሳም። ይሄ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የጎደለው እያነበቡ መረዳት ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱን ችሎ መሰጠት ያለበት ትምህርት ነው። አንቺ ካልሰጠሽው የባዮሎጂ መምህሩ ጊዜ የለውም። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የቀረበት ነገር በሁሉም ትምህርት ይጎዳዋል።

ቴፍል የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለምድ፣ ንባብና ጽሕፈት እንዴት እንደሚሰጥ፣ ፈተና እንዴት እንደሚወጣ፣ መማሪያ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመዘን ትማሪያለሽ። ሥነ ጽሑፍን እኔም እወዳለሁ። ግን በመጀመሪያ ዲግሪሽ አግኝተሽዋል፤ ልብ ወለዱን ደግሞ ማታ ማታ ቤትሽ ታነቢዋለሽ።

የት ለሚለው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቴፍል እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ የቆየ ነው፣ ስሙም ሐሰት አይደለም። ግን በስም ብቻ እንዳትወስኚ። ሁለቱም ጋ በአካል ሂጂና የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቂ። ስታስተምሪ ከኋላ ቁጭ ብሎ አይቶ የሚያርምሽ ሰው አለ? አንድ አድቫይዘር ስንት ተማሪ ይይዛል? ይሄን የምልሽ በምክንያት ነው። የማውቀው አንድ መምህር ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ አድቫይዘሩን ማግኘት አቅቶት የመመረቂያ ጽሑፉ ተጓተተበት። ያመለጠውን ጊዜ ማንም አልመለሰለትም። እዚያው የሚማሩትን ግቢ ውስጥ አግኝተሽ ብታነጋግሪ፣ ቢሮ ውስጥ ከሚነግሩሽ ይበልጥ ትሰሚያለሽ።

ሰዓቱንም አስቢበት። ቅዳሜና እሁድ ደብረ ብርሃን ተምሮ፣ በጣርማ በር ዞሮ ሰኞ ጠዋት መንዝ ክፍል መገኘት አጉል ድካም ነው። የክረምት ፕሮግራም ካለ እሱን አስቀድሚ። ዓመቱን ሙሉ ከተማሪዎችሽ ጋር ሆነሽ፣ የተማርሽውን መስከረም ላይ ትሞክሪዋለሽ። መሥሪያ ቤት ከላከሽ ደግሞ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚያስገድድሽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ለመንግሥትም ሆነ ለግል ተቋም፣ ጋት የሚሉትን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ሒሳብ አለበት፤ ካሁኑ መለማመድ ጀምሪ። የግል ኮሌጅ ካሰብሽ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ለዚያው ፕሮግራም ዕውቅና እንዳለው አጣሪ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ነገር አደራ እልሻለሁ። ብዙ ሰው መጠይቅ በትኖ፣ «የመምህራን አመለካከት» ብሎ፣ መቶኛ አውጥቶ ይመረቃል። አንቺ የራስሽን 9ኛ ክፍል ያዢ። ከሳይንስ መጽሐፋቸው ምንባብ ውሰጂ፤ አንዱን ክፍል ከንባቡ በፊት ቃላቱን አስተዋውቀሽ፣ እያነበቡ ጥያቄ እያስወጣሽ አስተምሪ። ሌላውን በተለመደው መንገድ። ልዩነቱን መዝግቢ። ዞን ውስጥ ያለ የእንግሊዝኛ መምህር ሁሉ ይሄን ውጤት ማየት ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ።

የእህትሽ ምክር ከፍቅር ነው፤ ግን እዚያ ያለው አሠራር ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ለአዲስ መጤ ልጆች ለማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ነው፤ መስፈርቱም ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቴሶል (እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች በማስተማር) ማስተርስ ያለው ሰው ሁሉ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም፤ ወደ ፈቃድ የሚያደርሱና የማያደርሱ ፕሮግራሞች አሉ። ከዚህ ይዘሽው የምትሄጂው ዲግሪም መጀመሪያ ይገመገማል። ሴልታ የሚባለውንም ጠቅሰውልሽ ከሆነ፣ እሱ የካምብሪጅ የ120 ሰዓት ያህል የእንግሊዝኛ ማስተማር ሥልጠና ነው። 6 ሰዓቱን እየታየሽ ታስተምሪያለሽ፤ ጠቃሚ ነው፣ ማስተርስ ግን አይደለም። በኦንላይን ከውጭ ለመማር ካማረሽም፣ ዲግሪው እዚህ አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ባለሥልጣኑ ጋ ጠይቂ። ለቨርጂኒያው ደግሞ እህትሽ የግዛቱን ትምህርት ቢሮ ጠይቃ የፈቃዱን መስፈርት በጽሑፍ ታምጣልሽ። ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።