የገዛ ባልን መከራየት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ሰው «ወንድ ከአንድ በላይ ቢያገባ ሴትን አይጎዳም፤ እንዲያውም ከውሽማነት ያድናታል። አብርሃምና ያዕቆብስ አግብተው የለ?» ብሎ ሞገተኝ። መልስ አጣሁ። አያቴ ጣውንት ነበረባት፤ ስለዚያ ዘመን ስናነሳባት ዝም ትላለች። እውነት ሴትን ከወንድ በታች ያደርጋታል? ወይስ ስላልለመድነው ነው የምንጠላው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አያትሽ ጣውንት «ነበረባት» አልሽ እንጂ «ነበራት» አላልሽም። በአማርኛ ዕዳና በሽታ ነው «ያለበት» የሚባለው። የመልሱን ግማሽ አንቺው ጽፈሽዋል።

ባልደረባሽ የያዕቆብን ሚስቶች ቆጥሯል፤ ቤቱ ግን አልገባም። እንግባ። ልያ ሮቤልን ስትወልድ «አሁን ባሌ ይወደኛል» አለች። ስምዖንን ስትወልድ መጠላቷን አነሳች። ሌዊ ሲወለድ ደግሞ አሁንስ ወደ እኔ ይጠጋል ብላ ተስፋ አደረገች። ሦስት ወንድ ልጅ ወልዳ ገና ባሏን ትጠብቃለች!

የባሰው ዘፍጥረት 30 ላይ አለ። ሮቤል ከእርሻ እንኮይ ይዞ መጣ። ራሔል ከእንኮዩ አምሯት ለመነች። ልያ ባሌን መውሰድሽ አንሶሽ ነው አለቻት። ተደራደሩ፤ እንኮዩ ለራሔል፣ የዚያች ሌሊት ያዕቆብ ለልያ። ማታ ከሥራ ሲመለስ ልያ ወጥታ በልጄ እንኮይ ተከራይቼሃለሁ አለችው። የገዛ ባሏን! እሱ ምን መለሰ? ምንም አልተጻፈም። አደረ።

አየሽ፣ እኅትማማቾቹ ሲቀናኑ፣ ሲገበያዩ፣ ያዕቆብ የከሰረው ነገር የለም። ጠቡ በሴቶቹ መካከል ቀረ፤ ምርጫው በእሱ እጅ። ለያዕቆብ በሚስትነት የተሰጡት ባላና ዘለፋ የተባሉት አገልጋዮች ደግሞ አሉ። እነሱን «ትፈልጋላችሁ ወይ?» ያለ የለም። ዘዳግም 21 የተጠላችው ሚስት ልጅ ብኩርናውን እንዳይነጠቅ ሕግ ያወጣው እኮ ወዶ አይደለም። ይነጠቅ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥4 ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን የላትም፣ ሥልጣኑ የባሏ ነው ይላል። ይህቺን ባሎች በቃላቸው ያውቋታል። እዚያው ጥቅስ ላይ የቀጠለውን ግን ይውጡታል፦ ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፤ የሚስቱ ነው። እስቲ ሁለት ሚስት አስቢ። የሁለቱም ሥጋ የእሱ ነው። የእሱስ የማናቸው ነው? ሥልጣኑ ተመልሶ እጁ ይገባል። ጌታም በማቴዎስ 19 ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ወደ ያዕቆብ አልሄደም፤ ወደ አዳምና ሔዋን ነው የሄደው።

ይህን ማስተማር ቀላል አልነበረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እነ አቡነ ፊልጶስ ዘደብረ ሊባኖስ ነገሥታቱን በዚህ ጉዳይ ገሥጸው ተሰደዋል። ዛሬ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ካገቡ ሴቶች 11 በመቶ ያህሉ ጣውንት አለባቸው።

«ከውሽማነት ያድናታል» ላለው፣ ከክፉና ከባሰ ለምን አማረጣት? እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ቤት ጉድ አለ። በተክሊል አግብቶ ውጭ ሌላ ቤት የሚያስተዳድር ሰው በያዕቆብ ላይ የሚፈርድበት አፍ የለውም። ከሁለተኛዋ ልጆች ወልዶ፣ አንድ ቀን ተነሥቶ «ንስሐ ገባሁ» ብሎ ባዶ እጇን የሚያባርራትም አለ። ይሄ ንስሐ ሳይሆን ሁለተኛ በደል ነው። ልጆቹን ያሳድግ፣ የደከመችበትን ይስጣት፣ ከዚያ ንስሐ አባቱ ዘንድ ይምጣ።

አያትሽን ደግሞ ስለ ባሏ አትጠይቂያት። ስለ ጣውንቷ ጠይቂያት፤ ስሟን፣ ልጆቿን፣ ሲታመሙ ማን ማንን እንዳስታመመ። ዝም ካለችም ተያት።