አያቶቹ ለክርስትናው ከደሴ ሲመጡ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጁን በጤና ያሳድግልሽ።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድ ልጅ ወልደሻል። አርባ ቀኑ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይሞላል። የባለቤትሽ እናትና አባት ለክርስትናው ከደሴ መጥተው ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ቤታችሁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። «ድግሱን እንዴት ላድርገው? ክረምቱ ሳይጠና የት የት ላዝናናቸው?» ነው ያልሽው። እኔም ሁለቱንም ልጆቼን ክርስትና ያስነሳሁት አማቶቼ ከወሎ፣ እናቴ ደግሞ ከጎጃም መጥተው ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እነሱ የሚመጡት ልጁን ብለው ነው። ከተማው ትርፍ ነው። ይህን ከያዝሽ ብዙው ጭንቀትሽ ይቀላል። የሽርሽሩን ዝርዝር አሳጥሪው፤ ልጁን አቅፈው የሚውሉበትን ሰዓት አብዢው።

ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ማለቅ ያለበት ጉዳይ አለ። ክርስትና አባቱ ማነው? እናንተ እዚህ የባለቤትሽን የቅርብ ጓደኛ አስባችሁ ይሆናል። እዚያ ደግሞ አባትየው ለአንድ የቆየ ወዳጃቸው ቃል ሰጥተው ይሆናል። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ለትልልቆቹ አበልጅነት ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቆጠር በሁለቱ ቤት መካከል ጋብቻ እንኳ አይታሰብም። እኛ ሰውየውን መርጠን «እገሌ ነው» ብለን ብንነግራቸው ኖሮ አባባ ቅር ይላቸው ነበር። ባለቤቴ ግን ደውሎ «አባባ፣ እርስዎ ያሰቡት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ያሰቡትን ነገሩት። እሱም ልጁን በየጊዜው ወስዶ የሚያስቆርበው ሰው ቅርብ ቢሆን ይሻላል ብሎ አስረዳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እውነት ነው፣ ልጅ በደብዳቤ አይቆርብም» አሉት። ወዳጃቸው ለድግሱ ተጠርተው መጡ፤ ዳቦው ሲቆረስም መራቂው እሳቸው ሆኑ። ሁሉም በደስታ አለቀ። የልጁንም ስም ገና ካልወሰናችሁ አያቶቹን ጠይቁ። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው እናንተ የመረጣችሁት ቢሆንም፣ አያት ያወጡለት ስም ለልጁ የዕድሜ ልክ ስጦታ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ሰኔና ሰኞ እንዳይገጥምባችሁ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የሐዋርያት ጾም ግን ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ገብቶ ሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ይፈታል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ያለ ክርስትና አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ከተማ ውስጥ ብዙው ሰው «የቄስ ጾም» እያለ ያልፈዋል። አያቶቹ ግን ይጾሙ ይሆናል። ዶሮ ሠርተሽ፣ በግ አርደሽ፣ እነሱ ዳር ቁጭ ብለው ሽሮ ሲበሉ ማየት ያሳዝናል። ድግሱን ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጊው። ምስር ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ቃሪያ ስንግ፣ ድፎ ዳቦ። ጠላው በአማትሽ እጅ ቢጠመቅ ደግሞ የቤቱ መዓዛ ራሱ ድግስ ነው። አንቺ ግን የምታጠቢ እናት ነሽ። ስለራስሽ ጾም የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ይሉኝታ ይዞሽ ራስሽን አትጉጂ። አባት ወይም እናት የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም፣ የጾሙን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ይምጡ። መድኃኒቱም ለመመለሻቸው ጭምር በቅቶ የሚተርፍ ይሁን።

ጾሙ የቅዳሴውንም ሰዓት ሊቀይር ይችላል። በጾም ወቅት በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ የሚቀድስ ደብር አለ። ስለዚህ ስትመዘገቡ ጥምቀቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አጥርታችሁ ጠይቁ። ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶ ይቆርባል። ጡት መጨረሻ የሚጠባበትን ሰዓት ካህኑን ጠይቀሽ ያዢ። ልብሱ ከፊት የሚከፈት ይሁን። ሁለት ፎጣ ያዢ፤ አንዱ መርጠቡ አይቀርም። ክርስትና አባቱም ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን የሚመሰክረው በልጁ ፈንታ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ አማቴ ናቸው ማታውኑ ቁጭ አድርገው ያስረዱት። አባባን «ይቀመጡ፣ ይደክምዎታል» ብለሽ አትጨቅጭቂያቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ሲደክማቸው ራሳቸው ያውቁበታል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከደሴ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው። አቅሙ ካለና ጉልበታቸው የሚያማቸው ከሆነ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በየትኛውም ይምጡ፣ ከክርስትናው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመው ይድረሱ። ማቀዝቀዣሽንም አንድ መደርደሪያ ባዶ አድርጊ። ቅቤ፣ ማር፣ የገንፎ እህል፣ በርበሬ፣ በሶ ሳይዙ አይመጡም። «ምን አደከማችሁ፣ እዚህ እኮ ሁሉም አለ» አትበያቸው። እናት ያን ሁሉ ፈጭተው አንጥረው ሲያዘጋጁ የከረሙት ስላንቺ ነው።

አራተኛው ፎቅ ነው ዋናው ፈተናሽ። ሊፍት ከሌለ በቀን አንድ ጊዜ ወርደው አንድ ጊዜ ቢወጡ ይበቃል። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው ኮሪደር መብራት ይኑረው። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ቴሌቪዥን ቢያዩ ግን ይታመማሉ። ደጅ ለለመደ ሰው ኮንዶሚኒየም ይጨንቃል። አማቴ በመጡ ማግስት ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው የጠዋት ፀሐይ ሊያሞቁት ግቢ ወረዱ። እኔ ወንበር ይዤ ተከተልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ረከቦታቸውን ይዘው ወረዱ። «ከየት ነዎት?» «ከወሎ።» «ወሎ የት?» ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ የጋራ ዘመድ ተገኘ። እኔ ከሰላምታ አልፌ የማላውቃቸው ሴትዮ ለአማቴ የልብ ወዳጅ ሆኑላቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መውረዱን የሚናፍቁት እሳቸው ነበሩ። ይህንን እንደ ሽርሽር ቁጠሪው። ገንዘብም ታክሲም አይጠይቅም፤ አንቺም ያችን ሰዓት ትተኛለሽ።

የልጅ አያያዝ ላይ አለመስማማት ሊመጣ ይችላል። ቅቤ እናቅምሰው፣ ውኃ እንስጠው የሚል ነገር። የጤና ባለሙያዎች እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይሰጠው ነው የሚመክሩት። እዚህ ላይ ጽኚ። ግን የሚነግራቸው ባልሽ ይሁን፤ ከምራት አፍ ሲወጣ ይከብዳል፣ ከልጅ ሲመጣ ግን ምክር ነው። በዚያው ልክ ሥራ ስጫቸው። ገላውን እሳቸው ይጠቡት፣ እሳቸው ይሹት፣ እሽሩሩ ብለው ያስተኙት። እጃቸው ሥራ ያገኘ አያት ቅር አይላቸውም።

ከክርስትናው በኋላ ያለውን ሳምንት ስታስቢ ፓርኩን ቀድመሽ አትያዢ። የእነሱን ዝርዝር ጠይቂ። ከአገር ቤት የመጣ ትልቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሚደርሰው ለቅሶ አለው። ባለፈው ዓመት ያረፉ የአጎት ልጅ፣ ሆስፒታል የተኙ የቆዩ ጎረቤት፣ የወለደች የእህት ልጅ። አማቴ ይህን ሁሉ በቃላቸው ነው የያዙት። ማን መቼ እንዳረፈ፣ ልጆቹ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ሳይቀር ያውቃሉ። ይህን ሳያደርጉ ቢመለሱ አገር ቤት «ሄደሽ ሳትደርሺ?» ይባላሉ። ስለዚህ ሁለት ቀን ለዘመድ ጥየቃ ተዪላቸው። ባለቤትሽ ፈቃድ ወስዶ ይዟቸው ይዙር። አንቺና ልጁ ቤት ቅሩ። ሰፈር በሰፈር አቀናብሩት፤ አያት ሰፈር የሚሄዱበትን ቀን ከገርጂ ጋር፣ መርካቶ የሚሄዱበትን ከአውቶቡስ ተራ ጋር። ያለዚያ መንገድ ላይ ተዘግቶባችሁ ትውላላችሁ።

አሁን ወደ ሽርሽሩ። ሰኔ ላይ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከምሳ በኋላ ደመናው ይከብዳል። ከቤት ጠዋት 2 ሰዓት ውጡ፣ 7 ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። በቀን አንድ ቦታ ብቻ።

እኔ ብሆን እንጦጦን አስቀድማለሁ። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑባት ደብር ናት። እናት ይሳለማሉ፣ አባት የንጉሡን አሮጌ ቤተ መንግሥት ያያሉ። ጸበል ከፈለጉም እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ ፓርኩ ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ተቀምጣችሁ ቆሎና ዳቦ ትቀምሳላችሁ። ቦታው ከፍታ አለው፤ ጠዋት ብርድ ነው። ጋቢ አይረሳ፤ ልጁም ከሄደ በደንብ ይሸፈን።

ሁለተኛው፣ ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ይህ በተለይ ለአባት ነው። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ዓድዋ የዘመቱ ናቸው። ውጫሌም ያለችው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አባባ ስለ ውጫሌ ውል ሲነሳ ቀና አሉ። «ይቺ እኮ የእኛ አገር ናት» ብለው እኛኑ ያስተምሩን ጀመር። ባለቤቴ አባቱን እንዲያ ሲናገሩ ሰምቷቸው እንደማያውቅ ነግሮኛል። ግቢው ግን ሰፊ ነው። ሁሉንም እንይ ካላችሁ ይደክማቸዋል። የሚወዱትን እያዩ፣ እየተቀመጡ ይሂዱ። ከዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ እዚያው ነው፤ ተሳልመው ይመለሳሉ።

ሦስተኛ ከጨመራችሁ ቢሾፍቱ። በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም ይስማማል። ሐይቁ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ መቀመጥ ነው። ሁላችሁም የምትሄዱበት አንድ ቀን ቢኖር ይህን ምረጪው። መኪና ተከራዩ፤ በሕዝብ ማመላለሻ ከአራስ ልጅና ከሽማግሌ ጋር አይሆንም። ብሔራዊ ሙዚየምን በዚህ ጉብኝት ብትተዪው ደስ ይለኛል። ድንቅነሽ የአገር ኩራት ናት፤ ግን የእኔዎቹ መስታወቱ ፊት ቆመው «እንሂድ?» ነው ያሉት። የሞል ጉብኝትም ይቅር፤ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ያስደነግጣቸዋል።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ «አንድ ሳምንት ጨምሩ» ብለሽ አጥብቀሽ አትለምኚ። አባትየው ገበሬ ከሆኑ ሰኔ የእርሻ ወቅት ነው። እዚህ ቁጭ ብለው ዝናቡን በመስኮት ሲያዩ ልባቸው ማሳው ላይ ነው። እናት ግን መቆየት ከፈለጉ ራሳቸው ይነግሩሻል፤ ብዙ ጊዜ እሳቸው ይቀሩና አባት ቀድመው ይመለሳሉ። ትኬቱን ቀድማችሁ ቁረጡ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የክርስትናውን ፎቶ ስልክ ላይ አትተዉት። ከመሄዳቸው በፊት ፎቶ ቤት አሳትሙና ብዙ ኮፒ በፖስታ አድርጋችሁ ስጧቸው። ልጁ ማዕተቡን አስሮ፣ በነጭ ልብሱ፣ አያቶቹ መካከል ያለበት ይኑር። ክርስትና አባቱ አቅፎት የተነሳውም ይጨመር፤ አገር ቤት ሲገቡ መጀመሪያ «ማን አነሳው?» ተብለው ነው የሚጠየቁት።